የሰሚ ያለህ

ዴኒስ ኦኒል ሲሞት 12 ዓመቱ ነበር። ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት በምትባል ከተማ ከወላጆቹ ጋር ሲኖር የሚገባውን እንክብካቤ አላገኘም ተብሎ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እሱና ወንድሞቹ ለከተማው ምክር ቤት በአደራ ተሰጡ። ምክር ቤቱ በ1944 አጋማሽ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴኒስንና ታናሽ ወንድሙን ቴረንስን እንግሊዝ፣ ሽሮፕሽየር ውስጥ ባንክ ፋርም በሚባል ከሰው የራቀ የእርሻ ቤት ለሚኖሩ ባልና ሚስት ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ ለልጆቹ ማሳደጊያ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር።

በኋላ ችሎት ፊት የቀረበው ምስክርነት ለመስማት ይከብዳል። የልጆቹ የዘወትር ምግብ ዳቦና ሻይ ነው። ዴኒስ ርሃቡ ሲጠናበት ከላም ጡት ወተት እስከ መጥባት ደርሷል። ማታ ማታ እጃቸውን በዱላ ይመታሉ። በመጨረሻም ለከብት የተቀመጠ ሥራ ሥር ገምጠሃል ተብሎ ተደበደበና ጃንዋሪ 9 ቀን 1945 ሞተ። ሐኪሞች ለሞቱ ምክንያት ያሉት ደረቱና ጀርባው ላይ ያረፈውን ድብደባ ነው፤ ሰውነቱ ደግሞ አስቀድሞ በምግብ እጦት መንምኖ ነበር። ባልየው በሰው መግደል ስድስት ዓመት፣ ሚስትየው ልጁን በመበደል ስድስት ወር ተፈረደባቸው።

ለጭካኔው ፍርድ ቤት የአቅሙን መልስ ሰጠ። ለእኔ ከዚያ የማይተናነሰው ጥያቄ ግን ልጁ ከመሞቱ በፊት የነበሩት ሃያ ቀናት ናቸው። ዲሴምበር 20 ቀን 1944 የኒውፖርት ምክር ቤት የላካት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ባንክ ፋርም ድረስ ሄዳ ልጆቹን አይታለች። የዴኒስ ሁኔታ አስደነገጣት። ታሟል፣ ፈርቷል፤ ሐኪም ይጠራለት አለች። ተመልሳም ልጆቹ ከዚያ ቤት ይውጡ ብላ ሪፖርት ጻፈች። ከዚያ በኋላ የገና በዓል መጣ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ተጓዘ። ልጁን ያስቀመጠው ኒውፖርት ነው፤ ልጁ የሚኖረው ሽሮፕሽየር ነው፤ ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ሁለቱ ምክር ቤቶች በቅጡ አልተግባቡም። የዴኒስ ነገር እንግዲህ ታይቷል፣ ተጽፏል፣ ተልኳልም። የጎደለው «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ሄጄ አወጣዋለሁ» የሚል አንድ ሰው ነበር።

ሰር ዋልተር ሞንክተን የተባሉ የሕግ ሰው ጉዳዩን መርምረው በግንቦት 1945 ሪፖርታቸውን አወጡ። በቀጣዩ ዓመት በማይራ ከርቲስ የተመራ ኮሚቴ ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚያድጉ የእንግሊዝና የዌልስ ልጆችን ሁኔታ በሙሉ ያጠናበትን ሪፖርት አወጣ። ከዚያም በ1948 የወጣው የሕፃናት ሕግ እያንዳንዱ የአካባቢ ምክር ቤት የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ እንዲሾም አስገደደ፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ተጠሪ። (አጋታ ክሪስቲ በለንደን ከ1952 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የታየውን «ዘ ማውስትራፕ» የተባለ ተውኔቷን ያነሳሳት ይኸው የዴኒስ ታሪክ ነው። ተመልካቹ ወንጀለኛውን ለመገመት ሲሞክር ከጀርባው ያለውን ልጅ የሚያስታውስ ጥቂት ይመስለኛል።)

ዛሬ በእንግሊዝ ከ80 ሺህ በላይ ልጆች በካውንስሎች (በአካባቢ ምክር ቤቶች) አደራ ሥር ይኖራሉ። ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ያሉት በአደራ ቤተሰብ፣ እዚያ ያለው ወገናችን ፎስተር በሚለው አኗኗር ነው። በ2023 መጋቢት መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን ድንበር አቋርጠው ጥገኝነት የጠየቁ ልጆች ነበሩ። በሊቢያ በረሃና በሜዲትራኒያን ባሕር አልፈው፣ በጭነት መኪና ወይም በጀልባ የእንግሊዟ ኬንት አውራጃ የደረሱ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች በመካከላቸው አሉ። ስለዚህ የሚቀጥለው ነገር የሩቅ አገር የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። የአንዳንድ አንባቢዎች የራሳቸው፣ የወንድማቸው ወይም የእህታቸው ልጅ ጉዳይ ነው።

አንድ የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ አማርኛ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ገና ነው። አሳዳጊዋ ደግ ሴት ናት። አርብ ማታ ዶሮና አይብ አቀረበችለት፤ አልነካም። ረቡዕም እንደዚያው። አሳዳጊዎች በየቀኑ በሚሞሉት መዝገብ ላይ «ምግብ አይበላም፤ ምናልባት የሥነ ልቦና ችግር» ብላ ጻፈች። ልጁ ጾመኛ ነው። ይህን ለማስረዳት ቃል የለውም፤ እሷም የጠየቀችው በስልኳ የትርጉም መተግበሪያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለልጁ ግን የእናቱን ቤት ከእሱ ጋር ያቆየለት የመጨረሻው ነገር ሊሆን ይችላል። የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 22 ካውንስሉ ስለ ልጁ ሲወስን ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ ባህሉንና ቋንቋውን ከግምት እንዲያስገባ ያዝዛል። ስለዚህ የጾም ምግብ መጠየቅ ችሮታ መለመን አይደለም፤ መብት ነው።

እንዲህ ያለው ቅሬታ የሚፈታው ቅርብ ለቅርብ ነው። ልጁ የራሱ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ) አለው፤ አሳዳጊዋም የራሷ አላት። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አሳዳጊዋን የሚደግፍ ሰው የልጁም ብቸኛ ጆሮ ከሆነ ጆሮው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የልጁ ሶሻል ወርከር ልጁ ወደ ቤቱ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ መጎብኘት አለበት። በጉብኝቱም ልጁን ለብቻው ማነጋገር ግዴታው ነው፤ ልጁ ራሱ አልፈልግም ካላለ ወይም ለእሱ የማይበጅ ካልሆነ በቀር። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ የአሳዳጊው ቤት ሳይነገር ይጎበኛል። «ለብቻው» የሚለው ደንብ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሳሎን ውስጥ፣ ሻይ በቀረበበት፣ አሳዳጊው አጠገብ ተቀምጦ «ደህና ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ምን ሊል ይችላል? «ደህና ነኝ» ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አስተርጓሚውን ሳላነሳ አላልፍም። ሶሻል ወርከሩ ልጁን ለብቻው አገኘሁት ሲል ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ልጁ ከሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ነው። ልጁ የሚያሰላው ቀላል ስሌት ነው፤ ይህን ከነገርኩ እሑድ ሁሉም ያውቀዋል። አስተርጓሚው ምስጢር ሊጠብቅ ይገደዳል፤ ልጁ ግን ያንን የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚሠራ ሰው ይሁንልኝ ማለት እንደሚችል አስቀድሞ ቢነገረው ስንቱ ነገር በጊዜ ይወጣ ነበር።

አሁን ነገሩ ይክበድ። ያው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚያምነው አስተማሪ «የቤቱ ባል አንገቴን ይዞ ግድግዳ ላይ ገፋኝ» አለ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አስተማሪው ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት አይችልም። ለትምህርት ቤቱ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ያሳውቃል፤ እሱ ደግሞ ለካውንስሉ። በእያንዳንዱ ካውንስል ከልጆች ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚቀርብ ውንጀላን ተቀብሎ የሚከታተል፣ በአጭሩ ላዶ የሚባል ባለሥልጣን አለ። ጉዳዩ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እሱ ዘንድ መድረስ አለበት። አሳዳጊን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ በሕግ ዓይን ከአስተማሪና ከነርስ ጎን የሚቆም፣ በሥራው የሚጠየቅ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመለከታቸው ይመክራሉ፦ ሶሻል ወርከሮች፣ ፖሊስ፣ አሳዳጊውን የመለመለው ድርጅት፣ እንደ ሁኔታው የጤና ባለሙያ። ልጁ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ወይም ሊደርስበት ይችላል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለ በዚያው በ1989ኙ ሕግ አንቀጽ 47 መሠረት ምርመራ ይከፈታል። ግን ከሁሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ልጁ ዛሬ ማታ የት ያድራል የሚለው ነው። እዚያው ቤት ሌላ የአደራ ልጅ አለ ወይ? የአሳዳጊው የራሱ ልጆችስ? መልሱ ሁልጊዜ «አውጡት» አይደለም። ልጁን በአንድ ሌሊት ከለመደው አልጋ፣ ከትምህርት ቤቱና ከጓደኛው መንቀል ራሱ ጉዳት ነው፤ «ተናገርኩና ተባረርኩ» ብሎ የሚደመድም ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

የምርመራው መደምደሚያ ከአምስት አንዱ ነው። ተረጋግጧል ይባላል፤ ወይም ለመጉዳት ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው፤ ወይም ሐሰት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ፤ ወይም መሠረት የለውም፤ ወይም ደግሞ አልተረጋገጠም። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። አልተረጋገጠም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም፤ ሆነም አልሆነም ለማለት ማስረጃው አልበቃም ማለት ነው። ፖሊስ ፋይሉን ቢዘጋም የካውንስሉ ሥራ በዚያ አያበቃም። የወንጀል ችሎት የሚጠይቀው ከጥርጣሬ ነጻ የሆነ ማስረጃ ነው፤ እዚህ ግን ሚዛኑ ወዴት ያደላል የሚለው ይበቃል። የአሳዳጊው ፈቃድ እንደገና ይመረመራል፣ ከባድ ጉዳይ ሲሆን አሳዳጊዎችን የሚገመግም ፓነል ፊት ይቀርባል፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድም እንዲያውቀው ይደረጋል።

አሳዳጊውም ሰው ነው። ውንጀላው በቀረበ ጊዜ ዝርዝሩ ወዲያው አይነገረውም፤ ምርመራው እንዳይበላሽ። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምን ተባልኩ እያለ ይጨነቃል። ልጁ ከቤት ከወጣ ገቢው ሊቋረጥ ይችላል፤ የራሱ ልጆችም በሶሻል ወርከር ይጠየቃሉ። ለዚህም ነው ደንቡ ከመርማሪዎቹ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ድጋፍ ይሰጠው የሚለው፤ ፈቃዱ ይሰረዝ ከተባለም ጉዳዩን ገለልተኛ ገምጋሚ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። ንጹሕ ሆኖ ሳለ በዚህ ውስጥ ያለፈ አሳዳጊ ሥራውን ሲተው ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ቢሆንም ከልጁ ዝምታና ከአሳዳጊው ጭንቀት አንዱን ምረጥ ብባል ምርጫዬ አያወላውልም፤ ጭንቀቱ በድጋፍ ይቀላል፣ የልጁ ዝምታ ግን የት እንደሚያደርስ ታይቷል።

በማኅበረሰባችን ውስጥ አሳዳጊ ለመሆን ለሚያስቡ፣ ወይም የወንድማቸውን ልጅ ተቀብለው በካውንስል ፈቃድ ለሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ቁንጥጫም ቢሆን አይፈቀድም። በእንግሊዝ ወላጅ የገዛ ልጁን ሲቀጣ ሕጉ ዛሬም የተወሰነ ክፍተት ይተውለታል፤ ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ዘግተውታል። አሳዳጊ ግን በየትኛውም ቦታ ያ ክፍተት የለውም፤ ሲፈቀድለት በሚፈርመው ስምምነት ላይ አካላዊ ቅጣት እንደማይፈጽም ቃል ይገባል። አጎትም አክስትም ቢሆኑ ያው ነው። «እኛም ተቆንጥጠን አድገናል» የሚለው መልስ፣ በሰው እጅ ብዙ ድብደባ አይቶ ለመጣ ልጅ ምንም አይረዳውም።

ጥፋቱ የአሳዳጊው ሳይሆን የካውንስሉ ሲሆንስ? ሶሻል ወርከሩ ይቀያየራል፤ ልጁ ታሪኩን ለአዲስ ፊት ከአዲስ መጀመር ይሰለቸዋል። የጥርስ ሕክምናው ይዘገያል። ከወንድሙ ጋር አገናኙኝ ያለው ጥያቄ ይረሳል። ለዚህ ሕጉ ከሶሻል ወርከሩ ሌላ ሰው አስቀምጧል፤ ገለልተኛ የጉዳይ ገምጋሚ። ልጁ በአደራ ከገባ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ቀጥሎ በሦስት ወር፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየስድስት ወሩ የልጁን እቅድ የሚገመግም ስብሰባ ይመራል፤ ከስብሰባውም በፊት ልጁን ያነጋግራል። ይህም ካልሠራ ልጁ መደበኛ አቤቱታ ያቀርባል፤ ነጻ ተሟጋችም ይመደብለታል። የመጀመሪያው መልስ በ10 የሥራ ቀናት፣ ቢበዛ በ20 ይሰጣል። ልጁ ካልረካ በጉዳዩ እጁ ያልነበረበት መርማሪ ከአንድ ገለልተኛ ሰው ጋር ያየዋል፤ ይህ 25 የሥራ ቀናት፣ ሲረዝም እስከ 65 ይወስዳል። ከዚያ ገምጋሚ ፓነል አለ፤ በመጨረሻም የአካባቢ አስተዳደር እንባ ጠባቂ። መንገዱ በወረቀት ላይ የተሟላ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ግን 65 የሥራ ቀን ማለት ሦስት ወር ያህል ነው፤ ስለዚህ ተሟጋቹ ከመጀመሪያው ቀን ከጎኑ ካልቆመ ደረጃዎቹ ሁሉ ከልጁ ትዕግሥት በላይ ይሆናሉ።

ከ2021 ጀምሮ የሆነው ደግሞ ልጁ የማን ጉዳይ ነው የሚለውን ነገር በግልጽ አሳየ። ብቻቸውን የመጡ ልጆች በኬንት ሲበዙ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሆቴል ውስጥ ያስቀምጣቸው ጀመር። ሆቴሉ አሳዳጊ የለውም፤ ለልጁ አደራ ተጠያቂ የሆነ ካውንስልም አልነበረም። ልጆች መጥፋት ጀመሩ። በጃንዋሪ 2023 አንድ ሚኒስትር 200 የሚሆኑ ልጆች የት እንዳሉ እንደማይታወቅ ለፓርላማው የጌቶች ምክር ቤት ገለጹ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ልጆችን በሆቴል ማኖሩን መደበኛ አሠራር ማድረግ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ሆቴሎቹ ጥበቃና ሠራተኛ ነበራቸው። ልጁ ሲጠፋ «ልጄ ጠፋብኝ» ብሎ በሕግ የሚጠየቅ ግን አልነበራቸውም።

የጠያቂና የተጠያቂ ነገር በሌላ በኩል ከዚያ በፊት መልስ አግኝቶ ነበር። በ1980ዎቹ በልጅነቷ በሁለት የአደራ ቤቶች የተበደለች አንዲት ሴት የኖቲንግሃምሻየርን ካውንስል ከሰሰች። ካውንስሉ በምርጫውም በቁጥጥሩም ቸልተኛ ነበር ለማለት ማስረጃው አልበቃም። አሳዳጊዎቹም በደመወዝ የሚኖሩ ሠራተኞቹ አልነበሩም። በጥቅምት 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በአብላጫ ድምፅ ካውንስሉ አሳዳጊዎቹ ላደረሱት በደል ይጠየቃል ብሎ ፈረደ። ዳኛው ሎርድ ሪድ ባነበቡት ፍርድ፣ አሳዳጊዎቹ ካውንስሉ ሊወጣው የሚገባውን ሥራ የሚያከናውኑ ስለሆኑ ጉዳቱ ከሥራው ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ልጅ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ቢሄድም አደራው ከካውንስሉ እጅ አልወጣም ማለት ነው።

ኢትዮጵያም በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ካስቆመች ወዲህ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻና የአደራ ቤተሰብ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። የጎረቤትንና የዘመድን ልጅ ማሳደግ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ያደግነው እንደዚያ ነው። ጥሩ ቤተሰብ መፈለግ አንድ ሥራ ነው። ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ማን፣ በስንት ጊዜ፣ ለብቻው ያነጋግረዋል የሚለው ደግሞ ሌላ፣ ገንዘብና የሰለጠነ ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ካልተበጀተ በኋላ ለመጨመር ይከብዳል።

ልጅ ድንገት ለአንተ ቢናገርስ፣ ለአንቺስ? ተሟጋችም ሶሻል ወርከርም ባትሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም የኳስ ሜዳ ዳር ላይ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡበት፤ አትመርምሩትም። «መታህ እንዴ?» ብሎ መልሱን አፉ ውስጥ የሚያስገባ ጥያቄ በኋላ ምስክርነቱን ያበላሽበታል፤ «ምን ሆነ?» ይበቃል። ለማንም አልናገርም ብላችሁ አትማሉ። አሳዳጊውን ጠርታችሁ በሽምግልና ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ልጁ ማታ የሚመለሰው እዚያው ቤት ነው። ልጁ የተናገረውን በራሱ ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ በዚያው ዕለት ጻፉ፤ በዚያው ዕለትም ለካውንስሉ የልጆች ክፍል ደውሉ። ቢሮው ከተዘጋ የሌሊት ተረኛ አለው፤ አደጋው የዚያች ሰዓት ከሆነ ፖሊስ።

የተጻፈውም ይቀመጣል። በእንግሊዝ በአደራ ያደገ ልጅ ፋይል 75ኛ ዓመት የልደት ቀኑ እስኪደርስ ድረስ እንዲጠበቅ ደንቡ ያዝዛል፤ ልጁም ካደገ በኋላ ፋይሉን ለማየት ማመልከት ይችላል። የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ያለበት ቦታ ተጠቁሮ ሊሰጠው ይችላል። ስለ እሱ የተጻፈው ግን፣ ያ «ምግብ አይበላም» የሚለው መስመር ጭምር፣ እጁ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ መዝገቡን የሚሞላው አሳዳጊም ሆነ ሶሻል ወርከር ሲጽፍ አንባቢው ያ ልጅ ራሱ እንደሆነ ያስብ፤ ጠይቆ የተረዳውን በአንድ ዓምድ፣ የገመተውን በሌላ ለይቶ ይጻፍ።